ሟቹ ባልደረባዬ ማረጋገጫውን በወቅቱ ባለመስጠቱ

ለተከበሩ የምርምር መጽሔቱ ዋና አዘጋጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ በትሕትና እጠይቃለሁ። ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል ብቻ አይደለም። ከቢሮዎ ጋር ባደረግሁት የመልእክት ልውውጥ እንደተረዳሁት፣ አንድ ሰው አስቀድሞ በራሱ አካውንት ገብቶ ሳያሳውቅ ቢሞት በአሠራራችሁ ላይ ከፍተኛ መስተጓጎል ይፈጥራል። ስለዚህ እርስዎ ራስዎን እንዲጠብቁ፣ ብርድ እንዳይመታዎ፣ ደረጃ ሲወርዱም መደገፊያውን ጠበቅ አድርገው እንዲይዙ ከልብ እመኛለሁ።

የመጽሔቱን ስም በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አልጠቅስም። ለክብሩ ሳስቼ አይደለም፤ ስሙ በተጠቀሰ ቁጥር እንደ ማጣቀሻ እየተቆጠረ ደረጃችሁ ከፍ ይላል ሲባል ስለሰማሁ፣ በእኔ በኩል አንዲት ነጥብ እንኳ እንዳታገኙ ብዬ ነው።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና እርስዎ ያልሆኑ ሰዎችም ስለሚያነቡት፣ ነገሩን ከሥሩ እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ። የጽሑፉ ደራሲዎች ሁለት ነን። እኔ ምሕንድስና አስተምራለሁ፤ ባልደረባዬ ደግሞ ከእኔ ቢሮ ፊት ለፊት ባለው ክፍል ሒሳብ ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹ «መምህር እንደሁኔታው» ይሉት ነበር፤ ፈተናው ከባድ ነው ወይ ብለው ቢጠይቁት «እንደ ሁኔታው ነው»፣ ነገ ይዘንባል ወይ ቢሉትም «እንደ ሁኔታው ነው» ስለሚላቸው። ይህን የሚለው መልስ ጠፍቶት አልነበረም። ሙያው ፈዚ ሎጂክ የሚባለው ስሌት ነው፤ ይኸውም ነገርን ሁሉ «አዎ» እና «አይደለም» ብሎ ለሁለት ከመክፈል ይልቅ፣ «ትንሽ»፣ «ደህና»፣ «በጣም» የምንላቸውን የዕለት ተዕለት አነጋገሮች በደረጃ አስቀምጦ ማሽን እንዲሠራባቸው የሚያደርግ ዕውቀት ነው። እርስዎ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ መጽሔትዎ የሚኖረው በዚሁ ነውና።

የሠራነው ሥራ በከተማችን የውሃ ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ ነበር። ጣቢያው ፓምፑን የሚያውቀው በሁለት መልክ ብቻ ነበር፤ ወይ ሙሉ በሙሉ ክፍት ወይ ሙሉ በሙሉ ዝግ። ሲከፈት በታችኛው ሰፈር ያረጀው ቱቦ ይፈነዳ ነበር፤ ሲዘጋ በላይኛው ሰፈር ባልዲ ይሰለፍ ነበር። እኛ የሠራነው መቆጣጠሪያ ግን «ታንኩ ጎደል ካለና ሰው ከእንቅልፉ የሚነሣበት ሰዓት ከተቃረበ፣ ቫልቩን ቀስ አድርገህ ከፈት አድርግ» የሚሉ ዓይነት ሕጎችን ይከተላል። «ጎደል» ማለት ምን ያህል እንደሆነ ለመወሰን ባልደረባዬ በፓምፕ ቤቱ እርጥብ ግድግዳ ላይ ተደግፎ መለኪያውን ሲያይ ይውልና ዳገቱን ወጥቶ በየቤቱ እየገባ ይጠይቅ ነበር። አንዲት እናት «አንተ ልጅ፣ ውሃ ልታመጣልን ነው ወይስ ስለ ውሃ ልታወራን?» ብለው ቢያፋጥጡት «እንደ ሁኔታው ነው እማማ» ብሎ በሳቅ ገድሎናል። ዳገት ላይ ያሉት ሴትዮ «ጎደለ» የሚሉትና ታች ያለው ልብስ አጣቢ «ጎደለ» የሚለው አንድ እንዳልሆነ ያየው፣ ሁለቱን ያስታረቀበትን ስሌትም ያወጣው እሱ ነው። እኔ ፕሮግራሙን ጻፍኩ፤ ጣቢያውም ሥራ ላይ አዋለው። ሐሳቡ የእሱ ስለሆነ በጽሑፉ ላይ ስሙ ከስሜ ቀድሞ ተቀመጠ። ነገራችን ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ስም ላይ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። እንዳይዘበራረቅብዎ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ። ጽሑፉን ስንልክላችሁ ባልደረባዬ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ የሚወጣ ጤነኛ ሰው ነበር። እናንተም ከችኮላ የሚመጣ ስሕተት እንዳይኖር ብላችሁ ከሁለት ዓመት በላይ አቆያችሁት። በድረ ገጻችሁ ላይ ከስማችን አጠገብ የተጻፈው «በግምገማ ላይ» የሚለው ቃል ከመለመዱ የተነሣ፣ ጠዋት ጠዋት ኮሪደር ላይ ስንገናኝ እንዴት አደርክ ስለው «በግምገማ ላይ ነኝ» ይለኝ ጀመር። በዚህ ስቀናል። ለዚያ ሳቅ ባለውለታዎቻችን ናችሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ገምጋሚዎቻችሁ ጥልቀት አመሰግናለሁ። የመጀመሪያው ጽሑፉ ረዝሟል አሉ፤ ሁለተኛው አጥሯል አሉ፤ ስለዚህ ልኩ እንደሆነ ገባን። ሁለተኛው በተጨማሪ ልናነባቸው የሚገቡ ሥራዎችን ዝርዝር የላኩልን ሲሆን፣ በአጋጣሚ ሁሉም የአንድ ሰው ድርሰቶች ሆነው ተገኙ፤ የዚያ ሰው የአጻጻፍ ዘይቤም በአጋጣሚ ከአስተያየቱ ዘይቤ ጋር አንድ ነው። ከሁሉ የገረመን ግን እኚሁ ገምጋሚ «ጎደል የሚለው አገላለጽ ሳይንሳዊ ስላልሆነ ቁርጥ ያለ አንድ ቁጥር ይቀመጥለት» ማለታቸው ነው። ቁርጥ ያለ ቁጥር የሌለው ነገር እንዴት እንደሚሰላ ለሚያጠና መጽሔት ገምጋሚ ሆነው ይህን መጠየቃቸው ድፍረት ይጠይቃል፤ ድፍረታቸውን አደንቃለሁ። ባልደረባዬ አስተያየቱን አንብቦ መነጽሩን አወለቀና «ይህ ሰውዬ ሚስቱ ሻይ ላይ ስኳር ትንሽ ጨምርልኝ ብትለው ስንት ግራም ብሎ ነው የሚጠይቃት?» አለ። መልሱን ግን በትሕትና ጻፈ፤ አንድ ገጽ ሙሉ፣ ያለ አንዲት ክፉ ቃል። እኔ ብሆን እንደዚያ አልጽፍም ነበር፤ አሁንም እንደሚያዩት አልጻፍኩም።

ሦስተኛ፣ ጽሑፉን ስለተቀበላችሁልን አመሰግናለሁ። የተቀበላችሁት ባልደረባዬ ከተቀበረ በኋላ ነው። አንድ ቀን አስተምሮ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለ፤ ከዚያ አልተነሣም። ልቡ ነው አሉን። የእንኳን ደስ አላችሁ መልእክታችሁ ሲደርሰኝ የቢሮውን መጻሕፍት በካርቶን እያሸግሁ ነበር። ለማን እንደምነግር ግራ ገብቶኝ የእሱን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና አለቀስኩ።

በመልእክቱ ግርጌ፣ ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት እያንዳንዱ ደራሲ በየራሱ የተላከለትን ሊንክ ከፍቶ «የመጨረሻውን ቅጂ አንብቤ ተስማምቻለሁ» የሚለውን እንዲጫን ታዟል። እኔ ተጫንኩ። እሱ አልተጫነም።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር አላስቀምጠውም፤ ተናድጃለሁ፣ የተናደደ ሰው ደግሞ ቁጥር ይስታል።

የባልደረባዬን ስልክ የያዘችው ባለቤቱ ናት። ዘመድ አዝማድ እየደወለ ስለሚያጽናናት መስመሩን አላዘጋችውም። የእናንተ ሲስተም ያንን ስልክ ያዘና በየሳምንቱ ያስታውሰው ጀመር። መጀመሪያ በለስላሳው «ውድ ደራሲ፣ ምላሽዎን እየጠበቅን ነው»። ቀጥሎ ጠንከር ብሎ «በእርስዎ ምክንያት የባልደረባዎ ሥራ እየተጓተተ መሆኑን እንገልጻለን»። በመጨረሻም «ቸልተኝነትዎ በመዝገብዎ ላይ ሊሰፍር ይችላል»። ባለቤቱ ይህን ሦስተኛውን ይዛ ወደ ቢሮዬ መጣች። ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ «እህቴ፣ ምን አጥፍቶ ነው? እሱ እኮ የሰው ሥራ አጓትቶ አያውቅም» አለችኝ። ምንም እንዳላጠፋ፣ መልእክቱን የሚጽፈው ሰው ሳይሆን ማሽን መሆኑን አስረዳኋት። «ታዲያ ለማሽኑ ሰው አይነግረውም?» አለች። እኔም ለመንገር ቃል ገባሁላት።

ነገርኩትም። የደንበኞች አገልግሎት ላይ ያቆማችሁት ብልህ ረዳት ሐዘኔን እንደሚጋራ ገልጾ፣ የደራሲን ሁኔታ መለወጥ የሚቻለው ራሱ ደራሲው በራሱ አካውንት ገብቶ ሲያመለክት ብቻ መሆኑን አሳወቀኝ። ሌላ የሚረዳኝ ነገር እንዳለም ጠየቀኝ። በባልደረባዬ ሙያ ውስጥ ሁሉም ነገር ደረጃ አለው፤ ሙቀቱም፣ ርቀቱም፣ ውሃውም። ደረጃ የሌለው አንድ ነገር ቢኖር ሞት ነው። እናንተ ደግሞ በመላው ዕውቀታችን ውስጥ ያለችውን ይህችን አንዲት እርግጠኛ ነገር «ምላሽ በመጠበቅ ላይ» ብላችሁ መዘገባችኋት።

ቀጥሎ ሰው አገኘሁ፤ ምክትል አዘጋጅዎን። እጅግ ጨዋ ሰው ናቸው። ሁለት መንገድ አቀረቡልኝ፤ ወይ ስሙን ከደራሲነት አውጥቼ ከመጨረሻው ገጽ ምስጋና ላይ እንዳስገባው፣ ወይ ስልኩን ከባለቤቱ ተቀብዬ እኔው እንድጫንለት። «እኛ ማን ተጫነ ብለን አንጠይቅም» አሉኝ። ስለ ሥነ ምግባር ባለ ሃያ ገጽ መመሪያ ካለው መጽሔት ይህን መስማቴ ትልቅ ትምህርት ሆኖኛል።

እውነቱን ልናገር፣ ሁለተኛው መንገድ ቀላል ነበር። ይህ ጽሑፍ ካልታተመ የማዕረግ ዕድገቴ እንደሚቀር እርስዎም እኔም እናውቃለን። የክፍል ኃላፊዬ «አንቺ ደግሞ፣ ለሞተ ሰው ምን ይጎድልበታል ብለሽ ነው» ብለው መክረውኛል። ባለቤቱም «ልጫነው በቃ፤ ቢኖር ይጫነው አልነበር?» ብላ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ አይታኛለች። እጇን ያዝኩት። ገጹ የሚለው «የመጨረሻውን ቅጂ አንብቤ ተስማምቻለሁ» ነው፤ እሱ አላነበበም። ሳያነብ ፈርሞ የማያውቅ ሰው ነው፤ የቤት ኪራይ ውሉን እንኳ ሦስቴ አንብቦ አከራዩን ያማረረ። በሕይወቱ ያላደረገውን ከሞተ በኋላ በስሙ አላደርግበትም።

ከዚህ በኋላ ነው እርስዎ ራስዎ የጻፉልኝ። ስለ ሦስቱ መስመር ደብዳቤዎ አመሰግናለሁ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከእጅዎ የወጣ ጽሑፍ ማየቴ ነው። «ስሙ ቢወጣም ሳይንሱ ያው ነው፤ በወሩ መጨረሻ ካልወሰኑ ጽሑፉ ይሰረዛል» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ሳይንሱ ያው ከሆነ በእያንዳንዱ እትም የመጀመሪያ ገጽ ላይ የእርስዎ ስም ከነፎቶግራፍዎ ለምን እንደሚወጣ አልገባኝም። ያ ሳይንስ ከሰማይ አልወረደም። በአንድ ሰው እግር ዳገት ወጥቷል፣ የሰው በር አንኳኩቷል፣ የተቆጡ እናቶችን አባብሏል። ዛሬ ጠዋት በላይኛው ሰፈር ውሃ አለ፤ በታችኛው ሰፈርም ቱቦው አልፈነዳም። ይህን ያደረገው ሰው ምስጋና ላይ የሚገባ የጽዳት ድጋፍ ሰጪ አይደለም፤ ደራሲው ነው።

ስለዚህ እስከ ወሩ መጨረሻ እንዳልጠብቃችሁ፣ ውሳኔዬን ዛሬውኑ አቀርባለሁ። ጽሑፉን ከመጽሔትዎ አውጥቻለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ማንም ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ እንዲያነበው በኢንተርኔት ላይ ለቅቄዋለሁ፤ የፓምፕ ቤቱ ሠራተኞችም አንድ ቅጂ በር ላይ ለጥፈዋል። ስሙ ቀዳሚ ነው። ከስሙ ሥር እንዲህ የሚል አንድ መስመር አለ፦ «የመጀመሪያው ደራሲ ይህን የመጨረሻ ቅጂ ሳያነብ አርፏል፤ በዚህ ውስጥ ስሕተት ካለ የሁለተኛዋ ደራሲ ነው»። የእናንተ ሲስተም ይህን አንድ መስመር የሚያስገባበት ቦታ አጥቶ ነው ይህ ሁሉ የሆነው። ማዕረጉ ይቅርብኝ። የክፍል ኃላፊዬ እንዳሉት ለሞተ ሰው ምንም ባይጎድልበትም፣ በሕይወት ባለሁት በእኔ ግን ብዙ ነገር ይጎድልብኛል፤ ባለቤቱን ግን መንገድ ላይ ሳገኛት ሌላ መንገድ አልፈልግም።

ለሰጣችሁን ጊዜ፣ ላሳያችሁን ርኅራኄና ለላካችሁልን ማስታወሻዎች ሁሉ ወሰን የሌለው ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም አካውንትዎም በአንድነት ረጅም ዕድሜ እንዲኖራችሁ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ከሁለቱ ደራሲዎች በሕይወት ያለችው

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ጨርሼ ሳልልከው የባልደረባዬ ባለቤት ደወለች። ከቢሮዎ ሌላ መልእክት ደርሷታል፤ ባልደረባዬ በዘርፉ ባለው የላቀ ዕውቀት የተነሣ የሌሎችን ጽሑፍ እንዲገመግም ተመርጧል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ እምቢ ካላለ እንደተስማማ ይቆጠራል ይላል። ደራሲ ሲሆን ዝምታው እምቢታ፣ ገምጋሚ ሲሆን ዝምታው እሺታ ሆኖላችኋል። ምን ልመልስ ስትለኝ ተይው አልኳት። ይውሰዱት፤ ያለ ክፍያ ይሠራል፣ አይሰለችም፣ ስሙን ቢፍቁትም አይከራከርም። የሚከራከሩት በሕይወት ያሉት ናቸው፤ እኔም አድራሻዬን አልቀየርኩም።