በበረዶ ላይ መንዳት ያስተማሩት እማማ ብሪዲ

ወይዘሮ ብሪጅት ጌሪቲ ኖቫክ፣ የፊሊፕስ ሰፈር ሰው በሚጠራቸው ስም እማማ ብሪዲ፣ ከአባታቸው ከአቶ ማርቲን ጌሪቲ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዲሊያ እ.ኤ.አ. በሜይ ወር 1941 በምዕራብ አየርላንድ፣ ሜዮ በሚባለው አውራጃ፣ ባሕር ዳር ባለች አነስተኛ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ።

በመንደራቸው ትምህርት ቤት እስከ አሥራ አራት ዓመታቸው ተማሩ። መምህርታቸው እንዲቀጥሉ ቤተሰቡን ቢለምኑም የቤቱ ነገር አልፈቀደም፤ ታናናሾቻቸውን ማሳደግ የእርሳቸው ድርሻ ሆነ። በ1961 ሴንት ፖል የሚኖሩ አክስታቸው ሲጠሯቸው ግን ከአውራጃቸው ወጥተው የማያውቁት ልጃገረድ ውቅያኖስ ተሻግረው ሚኒሶታ ገቡ። የደረሱት በጃንዋሪ ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው ደጅ ሲወጡ ብርዱ ትንፋሻቸውን ቢያሳጥራቸው፣ «አክስቴ፣ እዚህ ሰው ይኖራል?» ብለው መጠየቃቸውን ራሳቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር።

በአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሥራ ጀመሩ። ቀን እየሠሩ ማታ እየተማሩ የነርስ ረዳት ሆኑ፤ በዚሁ ሙያም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በትጋት አገልግለዋል። በ1966 የባቡር መካኒክ የነበሩትን አቶ ፍራንክ ኖቫክን አግብተው ፊሊፕስ ሰፈር ቤት ይዘው ኬቨንን እና ሞሪንን ወለዱ። አቶ ፍራንክ በ1989 በድንገት አረፉ።

እማማ ብሪዲ እስከዚያ ድረስ መሪ ጨብጠው አያውቁም። የባለቤታቸው መኪና ጋራዥ ውስጥ አቧራ ለብሳ ከረመች። አንድ ቀን ጠዋት ግን ቁልፉን አንስተው፣ «ወይ እሸጥሻለሁ፣ ወይ እነዳሻለሁ» አሏት። የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን ደጋግመው ወደቁ። አንዱ ፈታኝ በዚህ ዕድሜያቸው ቢተዉት እንደሚሻል ሲመክራቸው፣ «ምክሩን ተወውና የሚቀጥለውን ሳምንት ቀጠሮ ያዝልኝ» ብለው መለሱለት። በመጨረሻም አለፉ።

የሕይወታቸው ትልቁ ምዕራፍ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። በ1994 ክረምት ጎረቤታቸው ሀሲባ ሁለት ሕፃናት ይዛ አውቶቡስ ስትጠብቅ አዩ። ሀሲባ ከወሎ የመጣች፣ ሆቴል ውስጥ በጽዳት የምትሠራ እናት ነበረች። እማማ ብሪዲ መኪናቸውን አቁመው «ግቡ!» አሏቸው። መንገድ ላይም ለምን እንደማትነዳ ጠየቋት።

«እፈራለሁ» አለች ሀሲባ።

«እኔም እፈራ ነበር። ወንበሩ ላይ ስትቀመጪ ይብስብሻል፤ ከዚያ ይለቅሻል።»

በዚያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናቸው ፓርኪንግ ትምህርቱ ተጀመረ። የሀሲባ ባለቤት ሙዘይን «በዚህ በረዶ?» ብሎ ተቆጥቶ ነበር፤ ሊከለክል መጥቶ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ እርሱም ተማረ። እማማ ብሪዲ ከሁሉ አስቀድመው የሚያስተምሩት መንሸራተት ነበር። መኪናዋን ሆን ብለው በረዶው ላይ ያንሸራትቱና፣ «ፍሬን አትያዢ! መሄድ የምትፈልጊበትን እያየሽ መሪውን ወደዚያው አዙሪ!» ይላሉ። «ቀኝ»ን፣ «ግራ»ን፣ «ቀስ»ን እና «አይዞሽ»ን በአማርኛ የተማሩትም ያኔ ነው። በየዓመቱ ከሀበሻ አገር፣ ከሶማሌ፣ ከሜክሲኮ የመጡ ሴቶች በእርሳቸው እጅ መንጃ ፈቃድ አወጡ። አውቶቡስ የማይደርስበት ቦታ ሥራ ገቡ፤ ልጆቻቸውን ሐኪም ቤት ራሳቸው አደረሱ። ማንም ውለታቸውን ሊከፍል ሲፈልግ፣ «ሌላዋን አምጪልኝ» ነበር መልሳቸው።

ከአዲስ አበባ የመጣችው ማሚትም ከተማሪዎቻቸው አንዷ ነበረች። ኬቨን የእናቱን መኪና ሊጠግን ብቅ ማለት ሲያበዛ፣ እማማ ብሪዲ መኪናዋ ምንም እንዳልሆነች ያውቁ ስለነበር ዝም ብለው ሻይ ያፈሉ ነበር። ኬቨንና ማሚት በ2001 ተጋቡ፤ ኤልሻዳይን እና ኢያሱን ወለዱ።

በፌብሩዋሪ 2018 ከተማው በበረዶ በተዘጋበት ቀን እማማ ብሪዲን ደረታቸውን ወጋቸው። የተጠራው አምቡላንስ መንገድ ላይ በበረዶ ተይዞ ቀረ። በዚያን ጊዜ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር የሆነችው ሀሲባ ሰምታ ደረሰች፤ ከሙዘይን ጋር ደግፋ መኪናዋ ውስጥ አስገባቻቸው። ድልድዩ ላይ መኪናዋ ተንሸራታ ወደ ብረት አጥሩ ስትሄድ፣ እማማ ብሪዲ ደረታቸውን እንደያዙ «ፍሬን አትያዢ!» ብለው ጮኹ።

«እማማ፣ ዛሬ ዝም ይበሉ! የምነዳው እኔ ነኝ» አለች ሀሲባ። መሪውን በቀስታ መልሳ መኪናዋን መንገድ አስያዘቻት። ሐኪሞቹ ጥቂት ዘግይተው ቢሆን ኖሮ እንደማይተርፉ ተናገሩ። እማማ ብሪዲ ከቀዶ ሕክምናው ሲነቁ ነርሷን ወደ ሀሲባ እየጠቆሙ፣ «እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አሏት።

ከዚያ በኋላ የኖሩት ሰባት ዓመት የደስታ ዘመን ነበር። የኤልሻዳይን ምረቃ አዩ፤ ኢያሱን መንዳት አስተማሩ። ኢያሱ በእንግሊዝኛ ሲመልስላቸው፣ «በእናትህ ቋንቋ ንገረኝ፣ እኔ እንኳ ተምሬዋለሁ» እያሉ ይቆጡት ነበር።

ካለፈው መኸር ጀምሮ ልባቸው ደከመ። ሮዝቪል በሚገኘው በኬቨንና በማሚት ቤት እየታመሙም ጠያቂያቸውን ማሳቅ አልተዉም። ካህኑ ቅብዓ ቅዱስ ሲቀቧቸው፣ ሀሲባና ሙዘይን በዱዓቸው፣ ማሚት በዳዊቷ በአልጋቸው ዙሪያ ነበሩ። አየርላንድ ያሉት ወንድማቸው አቶ ፓድሪክ ደውለው ከወላጆቻቸው ጎን እንዲያርፉ ቢጠይቋቸው፣ «እናታችን አጠገቧ ብዙ ልጆች አሏት፤ ፍራንክ ግን ብቻውን ነው» አሉ።

እማማ ብሪዲ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2025 በተወለዱ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው በሰላም አርፈው፣ ዛሬ በቃላቸው መሠረት ሴንት ፖል ከባለቤታቸው ጎን ያርፋሉ። ልጆቻቸው ኬቨንና ሞሪን፣ ምራታቸው ማሚት፣ የልጅ ልጆቻቸው ኤልሻዳይና ኢያሱ፣ ወንድማቸው አቶ ፓድሪክ፣ እንዲሁም እናቴ የሚሏቸው በርካታ ሴቶች በሕይወት አሉ።

በወጣትነታቸው ባሕር ያሻገራቸው አምላክ ዛሬም ነፍሳቸውን ወደ ብርሃኑ ያግባ፤ ለምንወዳቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጠን። አሜን።