የታጠበው ብረት ለበስ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አባባ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? ደረጃ ሲወጡ ግድግዳ መደገፍ እንደጀመሩ እማዬ ነግራኝ ሆዴ ባብቶ ነው የሰነበተው። የዓይን ጠብታው አላለቀም? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን መነጽርስ ያደርጉታል ወይስ እንደ ልማድዎ ከነማኅደሩ መሳቢያ ውስጥ አስተኝተውታል? እማዬ ደህና ናት? ታናሿ እህቴ ፈተናው እንዴት ሆነላት? ጣሪያው ማፍሰሱን ተወ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ እግዜር ይመስገን። ወፍሬያለሁ እንዳልል እማዬ አታምነኝም፤ ስለዚህ አልልም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደሚሉ አውቃለሁ። በስልክማ መቼ ያወሩኛል? ደህና ነን፣ ሁሉ ሰላም ነው፣ እንካ እናትህን፤ አለቀ። ይህን ነገር ግን ከእማዬ ጋር ስልክ እየተሻማን የምንጨርሰው አይደለም። ቁጭ ብለው፣ መነጽርዎን አድርገው፣ በእርጋታ እንዲያነቡት ፈልጌ ነው።

ከመጋዘኑ ሥራ ወጥቼ አንድ ሱቅ ውስጥ በጽዳት መቀጠሬን ነግሬያችሁ ነበር። ሱቁ ምን እንደሚሸጥ ግን አፍሬ ዋጥ አድርጌው ነበር። የሚሸጠው መጫወቻ የሚመስል ነገር ነው። ዛሬ በየጦሩ ያለው ታንክ፣ ተዋጊ ጄት፣ ሄሊኮፕተር ሁሉ በፕላስቲክ ተሠርቶ፣ ብትንትኑ ወጥቶ በካርቶን ይሸጣል። የገዛው ሰው እያንዳንዷን ቁራጭ በወረንጦ እያነሳ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ፣ በሙጫ ይገጣጥማትና ቀለም ይቀባታል። ሲያልቅ ብሎኑ ሳይቀር ቁጭ እውነተኛውን ነው፤ መጠኑ ብቻ ሠላሳ አምስት ጊዜ ያንሳል። ከሱቁ ጀርባ ረጅም ጠረጴዛ ያለበት ክፍል አለ፤ ደንበኞቹ ከሥራ መልስ እየመጡ እዚያ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ቀን፣ ፂማቸው የሸበተ ሰዎች ግንባራቸው ላይ መብራት አስረው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው የአንዲት ጄት ጎማ ሲያጣብቁ ባይ ሳቄ አመለጠኝና ባልዲዬን ይዤ ወጣሁ። ወይ ጥጋብ አልኩ በሆዴ።

ባለሱቋ ባሏ የሞተባት፣ ቀጭን፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። በዕድሜ እማዬን ትበልጣለች፤ በዚህ ሀገር ቋንቋ አንቱታ የሚባል ነገር ስለሌለ ግን እኔም አንቺ ማለት ለምጃለሁና እንዳይቆጡኝ። በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ የዐውደ ርዕይ ሰዎች ስለሚመጡ የመስታወቱን ቁም ሣጥን በደንብ እንዳጸዳ አዝዛኝ ወጣች። ከፈትኩት። ጄቶቹ ሁሉ ያብረቀርቃሉ። መሃል ላይ ግን በሰንሰለት የሚሄድ አንድ ብረት ለበስ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ቆሟል። ሰንሰለቱ ጭቃ፣ ጎኑ አቧራ፣ ማርሚታው ጥላሸት። እንዴት ያለ ዝርክርክነት ነው አልኩ። እኔ እኮ የእርስዎ ልጅ ነኝ፤ ቆሽሾ የገባ መኪና ቆሽሾ አያድርም ሲባል ሰምቼ ያደግሁ። ለብ ያለ ውሃ ቀዳሁ፣ ሳሙና ጨመርኩ፣ አሮጌ የጥርስ ቡሩሽ ፈልጌ ሰንሰለቱን አንድ በአንድ ፈተግሁት። አልለቅ ያለኝን በጥፍሬ ፋቅሁት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ጥርት ሲልልኝ በፎጣ አድርቄ ቦታው መለስኩትና ምስጋናዬን ልቀበል በሩ ላይ ቆምኩ።

ገባችና አየችው። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ጭቃው የት ሄደ አለችኝ። አጠብኩት አልኩ፣ ገና ፈገግ እንዳልኩ።

ለካ ጭቃው የሟች ባሏ የእጅ ሥራ ኖሯል። በዚህ ሙያ መገጣጠሙን ማንም ይችለዋል፤ ጭንቁ ያለቀውን አዲስ መኪና የተነዳ፣ የደከመ፣ ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበት ማስመሰሉ ላይ ነው። ሰውዬው በቀጭን ቡሩሽ፣ በቀለም ዱቄት፣ ጠብታ በጠብታ ያን ጭቃ ሲያስቀምጥ አራት ወር ፈጅቶበታል። ጨርሶ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቆይ ታመመ፤ አልተነሳም። ብረት ለበሱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመታሰቢያው ዐውደ ርዕይ ላይ ሊቆም ተመዝግቦ ነበር። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለእኔ ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ባለሱቋ አልጮኸችብኝም፣ አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለዛሬ ይበቃሃል፣ ሂድ ብቻ አለችኝ።

እውነቱን ልንገርዎ አባባ፣ ልጠፋ ነበር። በማግሥቱ ዕቃዬን ይዤ፣ ሥራው ይቅርብኝ፣ ፊቷን ከማይ ብዬ መንገድ ጀምሬ ነበር። አንድ ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ አለ፤ ከደንበኞቹ ሁሉ ቀድሞ የሚመጣና አውሮፕላን ብቻ የሚሠራ። እሱ እያለከለከ ተከትሎ ደረሰብኝ። የረጅሙ ጠረጴዛ ወንዶች ሁሉ ጭቃውን እንዲመልሱት ተጠይቀው እምቢ ማለታቸውን ነገረኝ። ማንም በሟች ሥራ ላይ የራሱ እጅ እንዲታይ አልፈለገም። ጭቃው እስከ ዕለቱ ካልተመለሰ ደግሞ ባለሱቋ ብረት ለበሱን ከዐውደ ርዕዩ ታስወጣዋለች፤ የሰውዬውም ሥራ ሳይታይ ይቀራል። ያጠበው እጅ ይመልሰው፣ አንተ ከዚህ በላይ ምን ታበላሻለህ አለኝ። አነጋገሩ ቢያናድደኝም እውነት ስለነበር ተመለስኩ። እሷም እንደፈለጋችሁ ብላ ትከሻዋን ነቀነቀች።

በመጀመሪያ በተሰባበሩ አሮጌ ሞዴሎች ላይ እንድለማመድ ተሰጠኝ። ከጓሮ አፈር አምጥቼ በሙጫ ለውሼ ለጠፍኩበት። ባቡር ነጂው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና፣ ይሄ ጭቃ ውስጥ ወድቋል እንጂ አልተነዳም አለ። ሁለተኛው ከወፍጮ ቤት የወጣ መሰለ። ሦስተኛውን እኔው ራሴ ጣልኩት። የሟቹ ሥራ ፎቶ አለ፤ ግን በአንድ ጎኑ ብቻ የተነሳ ነው። እንዲህ ስል አሥር ቀን አለቀና ቅስሜ ተሰበረ።

ያኔ ነው እሁድ የደወልኩልዎ። እንደ ልማድዎ ስልኩን ለእማዬ ሊያቀብሉ ሲሉ፣ ይቆዩኝ አባባ፣ የሥራ ጥያቄ አለኝ አልኩዎ። ብረት ለበስ ሲነዳ ጭቃው የት የት ነው የሚይዘው ብዬ ጠየቅሁ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል ጉሮሮዎን ጠረጉና፣ መንገዱ ምን ዓይነት ነው፣ ደረቅ ነው ወይስ ዝናብ የመታው አሉኝ። አባባ፣ ብረት ለበስ እኮ ጦሩ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የነዱት መኪና ነው። ስለ እሱ ለልጆችዎ የነገሩን ግን ከሃያ ሁለት ቃል አይበልጥም። ጎረቤት ሲጠይቅዎ እንኳ ሾፌር ነበርኩ ብለው ስለሚያልፉ፣ ግማሹ ሰፈር የአውቶቡስ ሾፌር የነበሩ ይመስለዋል። ያን ቀን አንድ ሰዓት ከሩብ አወሩኝ። እማዬ ከኋላ ምሳው ቀዘቀዘ እያለች ስትነጫነጭ፣ "ቆይ ሴትዮ፣ ልጁ ሥራ ላይ ነው" አሏት። ይህችን ቃል እስክሞት አልረሳትም።

የነገሩኝን በካርቶን ጀርባ ላይ ስጽፍ እጄ ዛለ። ጭቃ ሁሉም ቦታ እኩል አይቀመጥም አሉኝ። ከሰንሰለቱ የኋላ ጫፍ በኩል ይወፍራል፣ ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል፤ የዛሬው ይጠቁራል፣ የትናንቱ ይነጣል፣ አንዱ ባንዱ ላይ ይደረባል። የናፍጣው መሙያ አፍ ዙሪያውን ይጠቁራል፤ የፈሰሰ ናፍጣ አቧራ ይዞ አይለቅምና። ሰንሰለቱ መሬት በሚነካበት በኩል ድንጋይ ስለሚወለውለው ዝገት አይደርስበትም። ሾፌር ሁልጊዜ በአንድ በኩል ስለሚወጣ በዚያ በኩል ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ይታያል። በመጨረሻም ሾፌሩ መንገዱን ስለሚያይበት የመመልከቻ መስታወት ነገሩኝ። "መስታወቱን ሙሉውን የሚያጸዳ ሾፌር የለም። ጊዜ የለውም። በአውራ ጣቱ መንገዱ የሚታየውን ያህል ጠረግ አድርጎ ይነዳል።" ይህን ሲሉ ድምፅዎ ቀጠነብኝ። ከጎንዎ ይቀመጥ ስለነበረው ተኳሽ፣ እንዴት እንደሚያስቅዎትም ነገሩኝ፤ የት እንደቀረ ግን አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። አዝኜ አይደለም። አባቴን በሠላሳ አንድ ዓመቴ የተዋወቅሁት ስለመሰለኝ ነው።

ከዚያ በኋላ እጄ የሚሠራውን ያወቀ መሰለኝ። አፈሩን በሴት ስቶኪንግ ነፋሁት፤ ለአቧራው ጠመኔ ፈጭቼ ከቀለም ዱቄት ጋር ቀላቀልኩ። የአንዱን ቀን ጭቃ አስቀምጬ እስኪደርቅ ጠብቄ የሌላውን ቀን ደረብኩበት። ቀለሙ ተልጦ ብረቱ የሚታይበትን በስፖንጅ ጫፍ ጠቅ ጠቅ እያደረግሁ አመጣሁት። መስታወቱ ጋ ስደርስ ችግር ሆነ፤ የእኔ አውራ ጣት ለዚያ መስታወት ሠላሳ አምስት እጥፍ ትበልጣለች። ክብሪት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልዬ መንገድ የሚታየውን ያህል ጠረግሁ። ባለሱቋ በአጠገቤ ስታልፍ አንድም ቀን አላየችኝም፤ ማለቴ አየችም፣ ግን እንዳላየች ሆነች።

ሁሉ ነገር ተሳካለት ብለው እንዳይኮሩብኝ ደግሞ ይችን ልንገርዎ። ጭቃው እስኪደርቅ እጄን እንዳልፈታ ብሎ ባቡር ነጂው አንዲት ጄት እንድገጣጥም ሰጠኝ። ለካ ገላዋን ከመዝጋቴ በፊት አፍንጫዋ ውስጥ ክብደት የሚሆን የእርሳስ ብረት መክተት ነበረብኝ፤ ካለዚያ ከኋላ ትከብዳለች። እኔ ምን አውቄ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ግጥም አድርጌ አጣበቅኋት። ቀለሟን ጨርሼ ጠረጴዛ ላይ ባቆማት ጭራዋ ላይ ቁጢጥ ብላ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ሰቀለች። ወንዶቹ የምትጸልየዋ ጄት ብለው ስም አውጥተውላት እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

ከዐውደ ርዕዩ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ባለሱቋ ብረት ለበሱን አንስታ ወደ መብራቱ አስጠጋችው። ዙሪያውን አየችና መስታወቱ ላይ ቆመች። ይሄ የተጠረገው ምንድን ነው፣ እሱ እንዲህ አላደረገም ነበር አለችኝ። ሌላ ጥፋት ጨመርኩ ብዬ ክው አልኩ። እየተንተባተብኩ ስለ እርስዎ ነገርኳት። ብረት ለበሱን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠችው። "ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ከፎቶ እያየ ነው የሠራው። ውስጡ የተቀመጠ ሰው አንድ ቀን ቢያገኝ እንዴት ደስ ባለው" አለች። ከዚያ ከእንግዲህ እንዳልነካው ነግራኝ ራሷ ሣጥን ውስጥ አስገባችው። አንጀቴ ራሰ።

ዐውደ ርዕዩ በአንድ ትልቅ አዳራሽ ነው የተደረገው። ጠረጴዛው ነጭ ወረቀት ለብሶ፣ ከእያንዳንዱ ሥራ ፊት ትንሽ ካርድ ይቆማል። ባለሱቋ በካርዱ ላይ የባሏን ስም ጻፈች፤ ከሥሩ "ጭቃና አቧራ" ብላ እስክሪብቶውን ሰጠችኝና ሙሉ ስምህን ጻፍ አለችኝ። ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። ከሰዓት በኋላ ሽልማት ሆነ። የእኛው ሦስተኛ ወጣ። በመጀመሪያ የሟቹ ስም ሲጠራ ባለሱቋ ተነሳች፤ አዳራሹ ሁሉ አብሯት ቆመ። እዚህ ሰውን በክብር ሲጠሩ የራሱን ስም ትተው በመጨረሻው ነው የሚጠሩት፤ የእኛ የመጨረሻው ስም ደግሞ የአባት ነው። የሽልማቱ አስተዋዋቂ በማይክሮፎን የእርስዎን ስም ጠራ። ፊደሉን ሰባበረው፣ ግን የእርስዎ ነው። እኔ በመነሳት ፈንታ፣ ይሙቱ አባባ፣ ዞሬ ወደ በሩ አየሁ። ባቡር ነጂው በክርኑ ጎሸም አድርጎ አንተን እኮ ነው አለኝ። እኔን አይደለም፣ አባቴን ነው አልኩት። "እንግዲያው ሂድና ተቀበልለት" አለኝ።

አሁን በሳምንት ሦስት ቀን በቡሩሽ፣ ሁለት ቀን በመጥረጊያ ሆኛለሁ። ባለሱቋ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ቦታ ሰጥታኛለች፤ የሌሎችም ሰዎች ታንክ ጭቃ እንዳለብስ እየመጣልኝ ነው።

እማዬን ግንባሯን ሳሙልኝ፤ ምሳውን ስላቀዘቀዝኩባት ይቅር ትበለኝ። ታናሿ እህቴን ውጤቷ ምንም ይሁን ምን ኮርቼባታለሁ በሉልኝ። አክስቴ ከነልጆቿ፣ አጎቴም ከነነገረኛነቱ ሰላም ይሁኑልኝ። ታላቅ ወንድሜ ጣሪያውን ሳያሠራ ልጠይቅህ ብሎ እንዳይመጣብኝ ንገሩት። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ በየደጃቸው ሰላም በሉልኝ።

አባባ፣ የምስክር ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። የተጻፈው በባዕድ ፊደል ነው፤ እህቴ ጣቷን እያስኬደች ስምዎን ታሳይዎታለች። ሃያ ሁለት ዓመት ነድተው ማንም እንዲህ ያለ ወረቀት ሰጥቶዎት አያውቅም። ዘግይቷል፤ ግን የእርስዎ ነው። እኔ የተቀበልኩልዎ ብቻ ነኝ።

ልጅዎ

ከሱቁ የኋላ ክፍል፣ ከረጅሙ ጠረጴዛ
ሰኔ ፳፩ ቀን