ዘጠነኛው ክሪስታል

ማክሰኞ፣ ጥር 9

አንድ ጊዜ ውዴ ለነበርከው ባሌ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ደህና እንዳልሆንክ ደብዳቤህ ይናገራል። ሰባት ወር ድምፅህን አጥፍተህ ኖረህ፣ ዛሬ «ዘጠነኛውን ክሪስታል አሲድ ውስጥ ስንት ደቂቃ ነበር ያቆየሽው?» ትለኛለህ። ሰላምታ እንኳ የለውም። ሲቸግርህ ጊዜ ነው ሚስት እንዳለችህ ትዝ ያለህ።

ወሬው ትተኸን የሄድከው ላቦራቶሪም ደርሷል። ሦስት ላቦራቶሪዎች ሞክረውት አልሠራም አሉ። ያ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ክሪስታል፣ ጆሮ የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ፊቱ ላይ እያስሮጠ ወደፈለግከው ጥግ ያዞር የነበረው፣ በሌላ ሰው እጅ እምቢ አለ። ፊቱ ላይ በአሲድ የቀረጽናቸው ምሰሶዎች ሁለት መቶው ቢደረደሩ ከአንድ ፀጉር ውፍረት አያልፉም፤ ትንሽ ከወፈሩ ግን ድምፁ ሳይታጠፍ ጥሏቸው ያልፋል። አሁን ውሸታም እያሉህ ነው። ደስ አላለኝም ብል እኔም ውሸታም እሆናለሁ።

እንግዲህ ስማ። ዘጠነኛውን የሠራን ቀን ጠዋት በሠራተኛው ሁሉ ፊት «አንቺ እጅ ነሽ እንጂ ጭንቅላት አይደለሽም፤ ያልኩሽን ብቻ አድርጊ» አልከኝ። ክሪስታሉን አሲድ ውስጥ ነክሬ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ። ስመለስ አሥራ ስድስት ደቂቃ ሆኖታል፤ ምሰሶዎቹ ከታሰበው በላይ ተበልተው ቀጥነዋል። መዝገቡ ላይ ግን እንዳዘዝከው አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍኩ፤ እንዳትጮህብኝ ፈርቼ። አንተም በዚያ ቁጥር ስምህ ገነነ። ባሳተምከው ጽሑፍ ላይ የእኔ ስም የለም።

ትናንት ለላቦራቶሪው ኃላፊ ሁሉንም ነገርኳት፣ የጻፍኩትን ሐሰት ጭምር። ፊቷ ቆሜ አሥራ ስድስት ደቂቃ አቆይቼ ሌላ ሠራሁ፤ መለኪያው ላይ ድምፁ ታጠፈ። የጽሑፍህ ማረሚያ በእኔ ስም ይወጣል። አንተን ውሸታም ማለታቸውን ይተዋሉ፤ እኔን ግን ሳያባርሩኝ አይቀሩም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ለአንተ ብዬ ያደረግኩት እንዳይመስልህ።

እናትህ እኔው ጋ ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ በየሳምንቱ «ልጄ ጻፈ?» ይሉኛል። ጻፈ እላቸውና ባዶ ወረቀት ይዤ ከልቤ እየፈጠርኩ አነብላቸዋለሁ። እግዜር ልብ ይስጥህና አንዴ እንኳ ራስህ ጻፍላቸው፤ እኔ የምለው አልቆብኛል። ባለፈው እሑድ ባነበብኩላቸው ላይ እኔን ይቅርታ ጠይቀኸኛል። እሳቸው መረቁህ፤ እኔ ተነስቼ ወጣሁ።

ገና ያልፈታሃት ሚስትህ