ሁለት ጊዜ የተለቀሰላቸው የአቶ የሻው እንዳለ የሕይወት ታሪክ

አቶ የሻው እንዳለ ከአባታቸው ከአቶ እንዳለ ይማም እና ከእናታቸው ከወ/ሮ የወርቅውሃ ታደገ በ1963 ዓ.ም. በወሎ፣ በወረኢሉ አውራጃ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት እዚያው ቄስ ትምህርት ቤት ነው። የ77ቱ ድርቅ ከብቱንም እህሉንም ሲጨርሰው ከወላጆቻቸው ጋር በሰፈራ ወደ አሶሳ መጥተው አምባ ስምንት ገቡ። እናታቸውን በዚያው ክረምት በወባ አጡ። እስከ ስድስተኛ ክፍል አሶሳ ተምረው፣ ከዚያ በኋላ አባታቸውን እየረዱ በቆሎና ማሽላ ሲያርሱ ኖሩ።

በ1988 ዓ.ም. ከወ/ሮ ስርጉት በላቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሕብረትንና ሰራዊትን ወለዱ። አቶ የሻው ጨዋታ አዋቂ፣ ልቅሶ ቤት ተቀምጠው እንኳ ሰው የሚያስቁ ነበሩ። መሬቱ አልበቃ ሲል በ1999 ዓ.ም. በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን ተሻግረው ካርቱም ዳቦ ቤት ተቀጠሩ። ለጥምቀት እየመጡ ከቤተሰባቸው ጋር ይሰነብቱ ነበር።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ የስልክ መስመሩ ተቋርጦ ድምፃቸው ጠፋ። ክረምቱ እንደገባ ከዚያ ሸሽቶ የመጣ አንድ ሰው ዳቦ ቤቱ መመታቱን፣ ሐበሻው ጋጋሪም መሞቱን ተናገረ። እዚያ ቤት ሁለት ሐበሾች ይሠሩ ነበርና የሞተው የትኛው እንደሆነ የጠየቀ የለም። ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ መጥተው አረዱ፤ እድሩ ድንኳን ተከለ፤ ወ/ሮ ስርጉት ፀጉራቸውን ተላጩ፤ ፎቷቸው ተይዞ ተለቀሰ፤ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ፤ አርባቸውም ወጣ። በኅዳር ወር አቶ የሻው ራሳቸው ደወሉ። ወ/ሮ ስርጉት ድምፃቸውን ሲሰሙ ስልኩን ወርውረው እሪ አሉ። አቶ የሻው ነገሩ ሲነገራቸው ሳቁና፣ «ለመሆኑ የተዝካሬ ጠላ ወጥቶለት ነበር?» ብለው ጠየቁ።

አገሩ ሁሉ ያለ ቀኑ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል እያለ ተጽናና። ይሁንና ለበዓል ይደውል የነበረ ዘመድ አንድ በአንድ ቀረ። ሰው አንዴ እርሙን ካወጣ በኋላ ልቡ አይመለስም መሰል! አቶ የሻው ጎረቤቱ ሁሉ በሸሸበት የካርቱም ሰፈር፣ ከጥቃቱ በተረፈ ምድጃ ከአንድ ሱዳናዊ ጋር ብቻ እየጋገሩ፣ «ስርጉቴ፣ ከሞትኩ ወዲህ እኮ ካንቺ በቀር የሚደውልልኝ ጠፋ» ይሉ ነበር። ይህን ሲሉ ይስቃሉ፤ ወ/ሮ ስርጉት ግን አይስቁም። ወደ ቤትዎ ይምጡ ሲባሉም፣ «አርባዬን በልታችሁ አብቅታችሁ በየት በር ልግባ?» ይሉ ነበር። ለዘንድሮ ጥምቀት ግን እንደሚመጡ ለባለቤታቸው ቃል ገብተው ነበር።

በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ካርቱም በድሮን በተመታችበት ማለዳ፣ አቶ የሻው ሊጥ እያቦኩ ሳለ በተወለዱ በ55 ዓመታቸው አረፉ። ፊታቸውን አይቶ እሳቸው መሆናቸውን ያረጋገጠውና እዚያው ያስቀበራቸው ሱዳናዊው የሥራ ባልደረባቸው ሙዳሲር ነው፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ወሬው እዚህ ሲደርስ ከእድርተኛው መካከል ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ድንኳን አይተከልም ያሉ አልጠፉም። የእድሩ ዳኛ አቶ ምንይችል፣ «የፊተኛው የኛ ስህተት ነው፤ የሻው የሞተው ገና አሁን ነው» ብለው ነገሩን ቆረጡት። ቤተሰቡ ያመሰግናቸዋል።

አቶ የሻው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንድ የልጅ ልጅ ትተው አልፈዋል። ወ/ሮ ስርጉት እስካሁን አላለቀሱም። ትናንት ልጃቸው ሕብረት ይህን ጽሑፍ እያነበበችላቸው «አረፉ» ከሚለው ላይ ስትደርስ፣ «እሱንማ ያን ጊዜም አንብባችሁልኛል» ብለው ስልካቸውን ቻርጅ ሊሰኩ ተነሡ።

እግዚአብሔር የአቶ የሻውን ነፍስ ከደጋጎቹ አባቶች አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለወ/ሮ ስርጉትም እንባ ይስጥልን።