ታጥቦ ስለማይለቅ ብጉር ለምክትል ርዕሰ መምህሩ የቀረበ አቤቱታ

ሐዋሳ፣ የካቲት 14 ቀን

ለተከበሩ አቶ ሔኖክ
የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህር፣ የሥነ ሥርዓትና የንጽሕና ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ከጥቅምት ወር ወዲህ ደግሞ በገዛ ፈቃዳቸው የቆዳ ሐኪም
ምሥራቅ ክፍለ ከተማ

ጉዳዩ፦ በቢሮዎ መሳቢያ ተቆልፎባቸው ስለሚገኙ ሁለት የልጄ ክሬሞች

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎ በሙሉ ጤንነት፣ ቤተሰብዎ በሰላም፣ ዓይንዎም እንደ ወትሮው የአራት መቶ ተማሪ ግንባር በአንድ እይታ ቆጥሮ የሚጨርስ ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ አመልካቿ ጸሐይወርቅ የመናኸሪያ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ስሆን፣ ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ በመጻፍ እተዳደራለሁ። የወሰን ክርክር ጽፌአለሁ፣ የቀለብ ጥያቄ ጽፌአለሁ፣ የጎረቤት በግ ጎመን በላብኝ የሚል ክስ ሳይቀር ጽፌአለሁ፤ ስለ ብጉር ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነውና የአጻጻፍ ጉድለት ቢያገኙበት በትሕትና ይለፉኝ። በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ማውጣቴም በድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ እርስዎ የልጆቻችንን ስም ያወጡት በዚያው ስለሆነ የግሩፑ ደንብ ይህ ነው ብዬ አምኜ ነው።

ልጄ ማህሌት አሥራ ስድስት ዓመቷ ሲሆን በትምህርት ቤታችሁ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ዛሬ ትምህርት ቤት ሳትሄድ ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ጠዋት ሆዴን ትለኛለች፣ በማግስቱ ራሴን ትለኛለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ዩኒፎርሟን ለብሳ ቦርሳዋን አንግታ እስከ ውጭ በር ትደርስና እጇን መዝጊያው ላይ እንዳደረገች ቆማ ትመለሳለች። የዚህ አቤቱታ ጉዳይ ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች የሚዘረዘረው ሁሉ ወደዚያ በር እንዴት እንደደረስን ለማስረዳት ብቻ ነው።

1ኛ/ በቅድሚያ ስለ ጠዋቱ የሰልፍ ቁጥጥር ምስጋናዬን አቀርባለሁ። በሰልፍ ላይ ጥፍርና ፀጉር ማየት ከእኛም ዘመን የነበረ ነው፤ ጥፍር ያሳደገ ይቆርጣል፣ ፀጉሩ የተንጨባረረ ያበጥራል፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። እርስዎ ግን ይህን አሠራር በማሻሻል ፊትን ጨመሩበት። ብጉር ያለበት ተማሪ ከሰልፉ ተለይቶ፣ ከሽንት ቤቱ አጠገብ ካለው ቧንቧ ሥር ተሰልፎ፣ በልብስ ሳሙና ፊቱን ሁለት ጊዜ ፈትጎ እንዲመለስ አዘዙ። ልጄ በዚህ ሁኔታ ለአሥራ አንድ ጠዋት ታጥባለች። ጓደኞቿ የሰንደቅ ዓላማ መዝሙር ሲዘምሩ እሷ የምትሰማው ከቧንቧው ሥር ሆና ነበር፤ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ ወደ ሰልፉ ስትመለስም እርስዎ በረካ ድምፅ «አሁን ንጹሕ ሆነሻል» ይሏት እንደነበር ነግራኛለች።

ብጉር በእጥበት የሚለቅ ቢሆን ኖሮ ክቡር ሆይ፣ ቀኑን ሙሉ ሐይቁ ውስጥ የሚውሉት ዓሣ አጥማጆቻችን ሁሉ የአራስ ልጅ ፊት በኖራቸው ነበር። የቆዳ ሐኪሟ ዶክተር ሶፍያ እንዳስረዱን ነገሩ ከላይ የተቀባ እድፍ አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ ሆርሞን ሲጨምር ከቆዳ ሥር ያሉት ዕጢዎች ወዝ ያበዛሉ፣ መውጫ ቀዳዳው ይደፈናል፣ እዚያ ውስጥ ጀርም ይራባል፣ ያብጣል። በቀን ሁለት ጊዜ በለስላሳ ሳሙና መታጠብ ይበቃል፤ መፈተግ ደግሞ ያባብሰዋል። ይህንኑ የእናንተው የባዮሎጂ መምህር ከቢሮዎ ሦስት በር አልፎ ባለው ክፍል ውስጥ ያስተምራሉ፤ ልጄም በዚያ ፈተና ከሃያ አሥራ ዘጠኝ አግኝታለች። በሩን አንኳኩተው ቢጠይቋቸው ደስ ብሏቸው ያስረዱዎት ነበር።

2ኛ/ «የፊት ንጽሕና የሚጎድላቸው ተማሪዎች» በሚል ርዕስ የሃያ ሦስት ልጆች ስም በግሩፑ ላይ ስላወጡልን እናመሰግናለን። ልጄ ሰባተኛ ናት። በትምህርት ውጤቷ እንኳ ስሟ በአደባባይ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

3ኛ/ ጥር አጋማሽ ላይ ቦርሳዋን ፈትሸው ሁለት ክሬም ወሰዱባት። አንዱ ሐኪሟ ለብጉሩ ያዘዙላት ነው፤ ሌላው መድኃኒቱ ቆዳዋን ለፀሐይ ስስ ስለሚያደርገው፣ የሐዋሳን ፀሐይም እርስዎ ስለሚያውቋት፣ እሱን እንዲከላከል የታዘዘ ነው። ሲቀባ ነጣ ይላል። እርስዎም ነጭ ነገር ፊቷ ላይ ስላዩ «ሜካፕ» ብለው መዘገቡት፤ የሐኪም ማዘዣዋን ስታሳይዎትም ጽሑፉ አይነበብም አሏት። እውነት ነው፣ አይነበብም። ማኅተሙ ግን በደንብ ይነበብ ነበር። ክሬሞቹ እስከ ዛሬ ከሊፒስቲክና ከጆሮ ማዳመጫ ጋር መሳቢያዎ ውስጥ ተቆልፎባቸው ይገኛሉ።

4ኛ/ ያው መድኃኒት ጨርቅ ሲነካ ቀለም ያስለቅቃል። በዚህ ምክንያት የሹራቧ አንገትጌ ወይን ጠጅ መሆኑ ቀርቶ ገረጣ፤ እርስዎም «ሆን ብሎ ዩኒፎርም ማበላሸት» የሚል ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጧት። እንግዲህ ይህች ልጅ በአንድ ወር ውስጥ ቆሻሻም፣ ተኳኳይም፣ ንብረት አበላሺም ሆናለች። እኔ ፍርድ ቤት በር ላይ በኖርኩበት ዘመን በአንድ ፊት ላይ ይህን ያህል ክስ ሲከፈት አላየሁም።

5ኛ/ በመጀመሪያው መንፈቅ ካርዷ ላይ ጸባይ «በጣም ጥሩ» ሲል፣ ንጽሕና በሚለው ሣጥን ውስጥ «ዝቅተኛ» ተብሎ በእጅ ጽሑፍዎ ተሞልቷል። የእጅ ጽሑፍዎ ያምራል።

እዚህ ላይ ከተራ ቁጥሩ ወጥቼ ስለ ራሴ መናገር አለብኝ፤ ተከሳሽ አንድ ብቻ ነው ብዬ ብጽፍ ሐሰት ይሆንብኛል። እኔም ከእርስዎ በፊት ሐኪም ሆኜ ነበር። መጀመሪያ የጥርስ ሳሙና ቀባኋት፤ ተቃጠለች። ቀጥዬ ሎሚ አሸሁባት፤ ባሰ። ኦቾሎኒና ቅቤ ከለከልኋት፤ እሷ ከሳች፣ ብጉሩ ግን አልከሳም። በመጨረሻ ከአንድ ኮስሞቲክስ ቤት ስም የሌለው በብልቃጥ የተሞላ ክሬም ገዛሁላት፤ በሳምንቱ ፊቷ ጠርቶ ሲያበራ እኔም እልል ልል ምንም አልቀረኝ፤ በወሩ ግን ድሮ የነበረው እጥፍ ሆኖ ተመለሰ። ዶክተር ሶፍያ እንደነገሩን እንዲህ ዓይነቱ ብልቃጥ ውስጥ የሚገባው ነገር ራሱ ብጉር ያወጣል። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎኝ ስታገቢ ይለቅሻል ብዬም አጽናንቻታለሁ። ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ! አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሐኪሟ ዘንድ የሄድነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኔ የልጄን ጉዳይ እንደ ማመልከቻ አዘጋጅቼ ገብቼ ነበር፤ ዶክተሯ ግን እኔን ትተው እሷን ጠየቁ። ከፊቷ ሌላ ጀርባዋንና ደረቷን አዩ፤ ከመቼ እንደጀመራት፣ የወር አበባዋ ጊዜውን ይጠብቅ እንደሆነ፣ ለፀጉሯ ምን ቅባት እንደምትቀባ፣ ታፈርጠው እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቋት። ከዚያም እኔን ጥቂት ውጭ እንድጠብቅ ጠየቁኝ። ተመልሼ ስገባ ልጄ ስታለቅስ አገኘኋት። የጠየቋት ደኅና ትተኛለች ወይ፣ ከሰው ትሸሻለች ወይ፣ መስታወት ስታይ ምን ይሰማታል የሚል ነበር። እኔ እናቷ አንድ ዓመት ሙሉ ፊቷን ሳይ ስኖር ይህን አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።

የዶክተሯም ቃል ግልጽ ነበር፦ ደረጃው መካከለኛ ነው፣ ይድናል፣ ሦስት ወር ያህል ትዕግሥት ይፈልጋል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆዳው ይደርቃል፣ የባሰም ሊመስል ይችላል፣ እንዳታቋርጡ፣ ቢተው ግን ጠባሳ ጥሎ ሊሄድ ይችላል። እኛም አላቋረጥንም። በስድስተኛው ሳምንት ግንባሯ ጠርቶ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ማስያዝ ጀምራ ነበር። እርስዎ ክሬሙን የወሰዱት በስድስተኛው ሳምንት ነው።

6ኛ/ በመጨረሻም «ወላጅ አምጪ» ተብሎ ቢሮዎ ስለተጠራሁበት ክብር አመሰግናለሁ። አርባ ደቂቃ ካስጠበቁኝ በኋላ በትሕትና ያስረዱኝን አልረሳሁም፤ ብጉር በሴት ልጅ ላይ ሲበዛ ሐሳቧ ወደ ወንድ ማዘንበሉን ያሳያል፣ ስለዚህ ስልኳን እንዳይ፣ በቤተ ክርስቲያን መዝሙር ላይ እንዳበረታት መከሩኝ። መዝሙሩ ላይ በርትታለች፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም በነጠላዋ እስከ ዓይኗ ተሸፍና ነው። ስልኳንም አየሁ። ያገኘሁት ስለ ብጉር የተነገሩ አርባ ሁለት ቪዲዮዎችና፣ ከልደቷ ቀን ፎቶ ላይ የራሷን ፊት ቆርጣ ያወጣችበትን ምስል ነው። ሐሳቧ ወዴት እንዳዘነበለ እርስዎ ይፍረዱ።

ስለዚህ ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ፦

ሀ) ሁለቱ ክሬሞች ከመሳቢያው እስር ያለ ዋስ እንዲለቀቁ፤

ለ) በካርዷ ላይ «ዝቅተኛ» የሚለው ቃል በዚያው ውብ የእጅ ጽሑፍዎ እንዲታረም፤

ሐ) ቧንቧው ለእጅ መታጠቢያና ለመጠጥ ወደነበረበት አገልግሎት እንዲመለስ፣ ስማቸው ለወጣው ሃያ ሦስት ልጆችም በዚያው ሰልፍ፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ አንድ የይቅርታ ቃል እንዲነገራቸው። ረጅም እንዲሆን አልጠይቅም፤ ከመዝሙሩ በፊት አንድ ደቂቃ ይበቃል።

ስለ ልጆቻችን መልክ ከእኛ ከወላጆቻቸው አብልጠው ስለሚጨነቁልን፣ የማስተማር ሥራዎን እንኳ ወደ ጎን ብለው ግንባር ስለሚቆጥሩልን፣ ለዚህም ተጨማሪ ደመወዝ ስላልጠየቁን ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እየገለጽሁ፣ ከላይ የጻፍሁት ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጬ፣ ትእዛዝዎን በጃንጥላዬ ሥር በትዕግሥት እጠባበቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ጸሐይወርቅ
የሰባተኛዋ ልጅ እናት

ግልባጭ፦
ለሃያ ሦስቱ ልጆች ወላጆች
ለባዮሎጂ መምህሩ፣ ከሦስት በር ወዲያ
ከሽንት ቤቱ አጠገብ ላለው ቧንቧ፣ ለደከመበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስሟ የሚነሳበት ነውና ደብዳቤውን ከማውጣቴ በፊት ለማህሌት አስነብቤአታለሁ፤ እንዲወጣም ፈቅዳለች። አንድ አንቀጽ ግን አሰርዛኛለች። አንቀጹ ያን ዕለት ቢሮዎ ውስጥ ፊት ለፊትዎ ተቀምጬ በሁለቱ ጉንጭዎ ላይ ስላየኋቸው የድሮ የብጉር ጠባሳዎች ነበር። ሳልኩራራ ልናገርና በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዬ እንደዚያ ያማረ አንቀጽ ጽፌ አላውቅም። እሷ ግን ሁለት ጊዜ አነበበችው። እንደ እርስዎ ካለ ሰው ፊት ለመቆም ስትፈራ የኖረችው የእርስዎ ፊት ንጹሕ የእሷ ቆሻሻ ስለመሰላት እንደነበር፣ በፍርሃት አንገቷን ደፍታ ስለምትቆምም አንድ ቀን እንኳ ልብ ብላ አይታዎት እንደማታውቅ ነገረችኝ። በልጅነትዎ እርስዎንም ቧንቧ ሥር ያቆመዎት ሰው ሳይኖር አይቀርም፣ ያኔ ደግሞ ዶክተር ሶፍያን የመሰለ ሰው አልነበረዎትም፣ ሰርዢው አለችኝ። ሰረዝሁት። ሰኞ ጠዋት ትመጣለች፤ ከሰልፉ በፊት ቢሮዎ ገብታ ክሬሟን ራሷ ትጠይቅዎታለች። የዶክተር ሶፍያንም ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋ ይዛልዎታለች፤ የቆየ ጠባሳም ሕክምና እንዳለው ደውላ ጠይቃልዎታለች።