አንድ ሰዓት ሣልልኝ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ሚስትህስ፣ ልጆቹስ? ያመመህ ጉልበት ተሻለህ ወይ? እኔ በአካል ደህና ነኝ። የቀረውን ሆድ ይፍጀው እንዳልል ካንተ በቀር የምነግረው ሰው የለኝም። ባለፈው ስልኩ መሐል ላይ ስለተቋረጠ ቅር እንዳትሰኝ፤ በአፌ ያቃተኝን በብዕር ልሞክረው ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ስለ አባባ ጠይቀኸኝ ነበር። ይበላል፣ ይስቃል፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ ግን የለም። ጠዋት ቁርሱን ይዤ ስገባ ብድግ ብሎ ይቀበለኝና የትኛውን ሰዓት ነበር ያመጡት ይለኛል። አንቱ እያለ! ያ እኔን ለመጥራት ከ«አንቺ ጉድ» ሌላ ስም ያልነበረው ሰው። የእጄን ሰዓት ፈትቼ እሰጠዋለሁ። ጆሮው ሥር አድርጎ ያዳምጠውና፣ ሰዓቱስ ደህና ነው፣ የሚቸኩሉት እርስዎ ነዎት ብሎ ይመልስልኛል። ትናንት ደግሞ አንጎል የምታጠና ልጅ አለችኝ፣ ስትመጣ አስተዋውቅዎታለሁ አለኝ። ጎበዝ ናት ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ጎበዝስ ጎበዝ ናት፣ ቤት አትገባም እንጂ አለኝ። ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ይህን ሁሉ ዓመት የመርሳት በሽታ ስታጠኚ እንዴት የገዛ አባትሽን ሳታይው ቀረሽ ይሉኛል። እኛ ጋ ለሚመጣ አዛውንት መጀመሪያ ባዶ ወረቀት እንሰጠዋለን። ክብ ሥራ፣ ቁጥሮቹን አስገባ፣ አምስት ሰዓት ከአሥር አድርገው እንለዋለን። ቀላል ይመስላል፤ በሽታው የጀመረው ሰው ግን ቁጥሮቹን ወደ አንድ ጎን ይከምራል፣ ዘንጎቹን ይረሳል። አባባ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት ሲጠግን የኖረ ነው። ከሕመምተኞቹ ጋር በምናነጻጽራቸው ጤነኞች ቡድን ውስጥ ያስገባሁት እኔው ነኝ። በየዓመቱ እንከን የሌለው ሰዓት እየሣለ ያልፋል፤ ባልደረቦቼ ይህንንስ ግድግዳ ላይ እንስቀለው እያሉ ይቀልዳሉ፤ እኔም እኮራለሁ። ዘንድሮ የአንጎሉን ምስል ስናነሣ ትዝታ የሚያዝበት ቦታ መንምኖ አገኘነው። ምስሉን ያነበበው ሐኪም የማን አባት እንደሆነ ሳያውቅ፣ እኚህ ሰው እንዴት ብቻቸውን ከቤት ይወጣሉ አለኝ። እጁ የሚያውቀውን ጭንቅላቱ የሚያውቅ መስሎን ኖርን። ዛሬም ወረቀት ብትሰጠው አሳምሮ ይሥላል። እኔን ግን አያውቀኝም።

መድኃኒት የለውም። ይህን ለስንቱ ቤተሰብ በለሰለሰ ድምፅ ተናግሬአለሁ። ምን እንዳልኳቸው የገባኝ አሁን ነው።

አንድ መጽናኛ ነበረችኝ፣ እሷም አንተ ነህ። ጣራ ላይ ወጥቼ መውረድ ያቃተኝን ቀን፣ እማዬ ነጠላ ጫማዋን ይዛ በጓሮ ያባረረችንን ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም። አባባ ቢረሳኝ ወንድሜ ያውቀኛል እል ነበር።

ስልኩ አልተቋረጠም፣ ወንድም ጋሼ። የዘጋሁት እኔ ነኝ። ስለ አባባ ስንጨዋወት ቆይተን፣ በይ እስቲ እማዬን አቅርቢልኝ፣ ድምጿን ልስማ ስትለኝ ጊዜ ነው። እሁድ ሄጄ መቃብሯ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ሰላምታህንም አድርሻለሁ። ሬሳዋን ከተሸከሙት የፊተኛው አንተ ነበርክ፤ የቆሰለ ትከሻህን ቅባት የቀባሁህም እኔ ነኝ። እንቅልፍ አጥተህ ይሆናል። ሥራ በዝቶብህ ይሆናል። ሰው መቼም ይሳሳታል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ፣ የኔ ሙያ እንደዚያ ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። መልስ ስትጽፍልኝ ከወረቀቱ ጀርባ አንድ ሰዓት ሣልልኝ፤ አምስት ሰዓት ከአሥር የሚል። ሚስትህ እንዳታግዝህ፣ የግድግዳውንም እንዳታይ። አባባ ሙያውን ላስተምርህ እያለ ሲለምንህ ኳስ ሜዳ እየሮጥክ ታመልጠው ነበር፤ ስንቱን ቀን ተቀይሞሃል። እንኳንም አልተማርክ።

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። ልጆችህን በየስማቸው እየጠራህ ያስረጅህ።

ታናሽ እህትህ፣
አንቺ ጉድ