ጠፋ ያልኩት ዲፕሎማ

እሑድ፣ ከሰዓት

ፊርማ ብቻ ነው የምትፈልገው። አንድ መስመር፣ ከታች በኩል፣ በቢጫ ያቀለመችው ቦታ ላይ።

"ማሚ፣ ጀስት ሳይን አድርጊልኝ፤ የቀረውን እኔ ሞልቼዋለሁ" አለችኝ ረድኤት። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ፎርሙን ከምሳ ሳህኔ አጠገብ አስቀመጠችው። እኔ የተማርኩበት የጣልያን ዩኒቨርሲቲ ፎርም ነው፤ ዲፕሎማው የጠፋበት ሰው ምትክ የሚጠይቅበት። ለልደቴ ሰርፕራይዝ ልታደርገኝ አስባ ነበር። ያለ ባለቤቱ ፊርማ አይሆንም ስላሏት ነው የነገረችኝ። ፍሬሙን ሳይቀር መርጣለች።

እጄ ወጥ ነክቷል ብዬ ተነሣሁ። ታጥቤ ስመለስ ስልኳ ላይ ነበረች። ፎርሙን አጥፌ ማንኪያ የምናስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

በዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ልጻፈው። ዲፕሎማዬ አልጠፋም። መጀመሪያም ዲፕሎማ የለኝም። አልተመረቅኩም።

ይኸው ጻፍኩት። ሰማይ አልተደፋብኝም። ተሾመ ሳሎን ቁጭ ብሎ ኳስ እያየ ነው። በተጋባንበት ሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከሰው ጋር ባስተዋወቀኝ ቁጥር "ባለቤቴ ጽጌ፣ ጣልያን አገር በእርሻ ሳይንስ የተመረቀች" ይላል። እሱ ራሱ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። ሲናገረው አንገቱ ቀና ይላል።

ሰኞ፣ ብሬክ ላይ

ክሪስታል ሲቲ፣ ሆቴሉ። ከጠዋት ጀምሮ የጸዱ ክፍሎችን ስቆጣጠር እግሬ አለቀ። ሱፐርቫይዘር ማለት አንሶላ ያነጠፈችውን ልጅ ሳታስቀይሚ አንሶላውን እንደገና ማስነጠፍ ነው።

ረድኤት የዩኒቨርሲቲውን ፎቶ ትልክልኛለች። የግቢዎቹ ካርታ ሳይቀር። "ማሚ፣ ያንቺ ቢልዲንግ የትኛው ነው?" ባለፈው ወር እዚያው ተቀብለዋታል፤ በመስከረም ትጀምራለች። እዚህ አሜሪካ ከተቀበሏት ትምህርት ቤቶች ሁሉ እሱን መረጠች። የማመልከቻው ኤሴይ የመጀመሪያ መስመር "እናቴ የተመረቀችው እዚህ ነው" ይላል። አስነብባኝ ነበር። "ጎበዝ" አልኳት።

ያስመረጥኳት እኔ ነኝ። ትንሽ ሆና እንድትተኛ የነገርኳት ተረት የዚያ ዩኒቨርሲቲ አጀማመር ነበር። በድሮ ዘመን፣ የኛ ነገሥታት ዐለት እየፈለፈሉ ቤተ ክርስቲያን በሚያሠሩበት ዘመን አካባቢ፣ በሌላ ከተማ መምህራንና ተማሪዎች ከሹማምንቱ ጋር ተጣሉ። ተጣልተውም ዝም አላሉም፤ መጻሕፍታቸውን ተሸክመው በእግራቸው ወጡ። እዚህኛው ከተማ ሲደርሱ ሰዉ ቤት ሰጣቸው። ሕንፃ የለም፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ በየሰው ቤት ምድር ቤት ይማሩ ነበር። "ልክ እንደ ቆሎ ተማሪ" እላት ነበር። "ውሻ ያባርራቸው ነበር?" ትለኛለች። አዎ እላለሁ። ስለ ውሻው እርግጠኛ አይደለሁም።

ዩኒቨርሲቲ የሚባለው አንድ አጥር ያለው ግቢ አልነበረም፤ ከተማው ራሱ ነበር። ሕግና ፍልስፍና መሃል ከተማ፣ ደረጃው በተማሪ እግር የተቦረቦረ አሮጌ ቤተ መንግሥት ውስጥ። ሕክምና ከሆስፒታሉ ጋር ተጣብቆ። የኛ ደግሞ ከከተማው ግንብ ውጭ፣ መነኮሳት ለቀውት የሄዱት ገዳም ነው። መነኮሳቱ የተከሉት የፒር ዛፍ ላይ ነበር መግረዝ የተማርነው። ረድኤት በላከችው ካርታ ላይ የእርሻ ፋኩልቲው ገዳሙን ለቋል። ወንዙ ዳር አዲስ ግቢ ሠርተውለታል፤ ድሮ የጨርቅ ፋብሪካ የነበረ ቦታ ላይ። በአውቶቡስ ሳልፍ የተሰበሩ መስኮቶቹን አውቃቸው ነበር።

"የኔ ፈርሷል መሰለኝ" ብዬ መለስኩላት። ይኼም ውሸት ነው። ገዳሙ በካርታው ላይ አለ፤ ቤተ መጻሕፍት ሆኗል።

ማክሰኞ፣ ጠዋት፣ አውቶቡስ ስጠብቅ

እንዴት እንደሆነ ልጻፍ። ለረድኤት ብናገር ከየት እንደምጀምር ለማወቅ።

ሃያ ስድስት ፈተና አልፌያለሁ። አንድ ቀረኝ፣ የአፈር ኬሚስትሪ፤ ከዚያ መመረቂያ ጽሑፍ። እዚያ አገር ፈተናው በቃል ነው፤ አስተማሪው ፊት ትቀመጪያለሽ፣ ከኋላሽ ተራ የሚጠብቁ ተማሪዎች ይሰማሉ። አንዴ ወደቅኩ። ሁለተኛ ጊዜ መልሱን አውቀው ነበር። ሽማግሌው ፕሮፌሰር አንድ ቃል አልሰማ ብሎኝ "ድገሚው" አለኝ። ደገምኩ። "እንደገና።" ደገምኩ። ከኋላ ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ ክፉ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የማውቀውም ጠፋኝ።

ለሦስተኛ ጊዜ ልፈተን ሁሉን አጥንቼ ሄድኩ። የገዳሙ ኮሪደር ውስጥ ከአንድ ምሰሶ ጀርባ ቆሜያለሁ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ስሜን ጠራ። ዝም አልኩ። ደግሞ ጠራ። በእኔና በእሱ መካከል አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ጠርቶ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጽፎ ገባ። እኔ አውቶቡስ ያዝኩ።

ሌላ ፈተና ከሦስት ወር በኋላ ነበር፤ እፈተናለሁ ብዬ ነበር። በመሃሉ አባቴ ታመመ። ስልክ ደወልኩ፤ ድምፁ ቀጥኗል። "ጨረስሽ ወይ ልጄ?" አለኝ። "ጨረስኩ አባዬ" አልኩት። ጎረቤት ጠርቶ በግ አሳረደ። በሁለተኛው ወር ዐረፈ። ከዚያ በኋላ ያን ፈተና መፈተን የአባቴን ድግስ ማፍረስ መሰለኝ። የአሜሪካ ቪዛ ሲመጣልኝ ወደ አክስቴ መጣሁ። ዲፕሎማሽስ ሲሉኝ "ሻንጣው መንገድ ላይ ጠፋ" አልኩ።

አውቶቡሱ መጣ።

ረቡዕ፣ ኦፍ ነኝ

ሲልቨር ስፕሪንግ ሄድኩ፣ እትዬ ውቤ ጋ። የአባቴ ታናሽ እህት ናቸው፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው። ያኔ ኤርፖርት የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው።

ፊቴን አይተው "ቴሌቪዥኑን ዝጊው" አሉኝ። ነገርኳቸው። ምሰሶውንም፣ በጉንም። ያባብሉኛል ብዬ ነበር።

"ዳንኤልን በአንቺ ስም ነው የገረፍኩት" አሉ።

አልገባኝም።

"ልጄን ነዋ! ትምህርቱን ሊተው በተነሣ ቁጥር 'ጽጌን አታያትም? በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ ጨርሳ የመጣች' እያልኩ አይደል ያሳደግኩት? እስከ ዛሬ ስምሽ ሲነሣ ፊቱ የሚጠቁረው ለምን መሰለሽ?"

ዳንኤል ጨርሷል፣ ጥሩ ሥራ አለው። ኩሩ ስለሆነ ነው የማይቀርበኝ ብዬ ነበር እስከ ዛሬ። ውሸቴ እኔንና አባቴን ብቻ የሚመለከት ይመስለኝ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሕፃን ላይ ዱላ ሆኖ እንደኖረ ማን ያውቃል።

አለቀስኩ። እትዬ ውቤ "በቃ፣ ይበቃል" አሉ። "ወንድሜ ደስ ብሎት ነው የሞተው። እሱ ጋ ስደርስ እኔው እነግረዋለሁ፤ አንቺ አትጨነቂ። ልጅቷን ንገሪያት። ወረቀት ከሚነግራት አፍሽ ይንገራት።"

"ለዳንኤልስ?"

"እሱን ለኔ ተይው። እኔም የምለው አለኝ።"

ስወጣ እንደ ወትሮው ጉንጬን ሳሙኝ። ግን አንድ ጊዜ ብቻ።

ሐሙስ

ነገርኳት።

ከትምህርት ቤት ላመጣት ሄጄ፣ እዚያው ፓርኪንጉ ውስጥ ሞተሩን አጥፍቼ። ፊት ለፊቴን እያየሁ ነው የተናገርኩት። ስጨርስ የመቀመጫ ቀበቶዋን ፈታች፣ እንደገና አሰረች።

"ሶ... ኢት ዋዝንት ሎስት።"

"አልጠፋም።"

"የኔ ኤሴይ ፈርስት ላይኑ ውሸት ነው?"

"አንቺ አልዋሸሽም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

"ባት ኢት ሃዝ ማይ ኔም ኦን ኢት፣ ማሚ።" ከዚያ ቀስ ብላ፣ "አድሚሽኔን ቢወስዱብኝስ?" አለች።

ይኼን አላሰብኩትም ነበር። አራት ቀን ሙሉ ስለ ራሴ ኀፍረት ብቻ ነው ሳስብ የሰነበትኩት።

ወርዳ በእግሯ ሄደች። ቤታችን ከዚያ ሩቅ አይደለም። የአደጋ መብራቴን አብርቼ ቀስ እያልኩ ከኋላዋ ተከተልኳት። መኪናዎች ጡሩምባ ይነፉብኛል። አንዴም ዞር ብላ አላየችኝም፤ መንገድ ስትሻገር ግን ቆማ መብራቱን ጠበቀች። እንደዚያ ነው ያስተማርኳት።

ዓርብ

የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ፣ ስለተደበላለቀብኝ።

ረድኤት ትናንት ክፍሏ እንደገባች ለዩኒቨርሲቲው ጽፋለች። ሳታማክረኝ። እናቴ እንደተመረቀች የጻፍኩት ስሕተት ነው፣ ተምራለች እንጂ አልተመረቀችም፣ እባካችሁ አስተካክሉልኝ ብላ። ጠዋት ሥራ ልሄድ ስል ስልኳን ዘረጋችልኝ። "ምን ይላል? ትራንስሌተሩን አላምነውም።" መልስ መጥቷል፣ ሁለት መስመር። ማስተካከያው ፋይሏ ውስጥ ገብቷል፤ በመስከረም እንጠብቅሻለን። ጣልያንኛውን አንብቤ ተረጎምኩላት።

ከዚያ፦ "ስንት ኮርስ ነው ያለፍሽው?"

"ሃያ ስድስት።"

"ፕሩቭ ኢት።" አልሳቀችም።

ከቁም ሳጥኑ ላይ ሻንጣ አወረድኩ። የፈተና ደብተሬ አለ። በየገጹ የትምህርቱ ስም፣ ነጥቡ፣ የአስተማሪው ፊርማ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በሃያ ሁለት ዓመቴ የተነሣሁት ፎቶ። ቁጭ ብላ በጣቷ ቆጠረች። ሃያ ስድስት። "ከስንት ነው ይኼ ቁጥር?" ከሠላሳ። "ዌይት፣ ሠላሳ ከሠላሳ አግኝተሻል?" የዕፀዋት በሽታ ነው፣ አልኳት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

መሳቢያውን ከፍታ ፎርሙን አወጣች። "ምትክ ዲፕሎማ" የሚለውን ሰረዘች፤ ከሥሩ "ያለፉ ፈተናዎች ማስረጃ" የሚል ነበር፣ እሱ ላይ ምልክት አደረገች። ፈረምኩ። ይቅርታ አላለችኝም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። "አይም ስቲል ማድ" አለችና ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ሥራ አርፍጄ ገባሁ።

ከሥራ ስመለስ ለተሾመ ነገርኩት። አትክልት እየከተፈ ነበር። ቢላውን አስቀመጠ። እንዳልተመረቅኩ ብዙም የገረመው አልመሰለኝም። ሌላ ነገር ነው የያዘው። "ሰው ፊት እኔ ስናገር አጠገቤ ቆመሽ ፈገግ ትይ ነበር" አለኝ። እውነት ነው፣ እል ነበር። ዕረፍቱ ቢሆንም የሚሠራበትን ታክሲ ቁልፍ ይዞ ወደ ኤርፖርት ሄደ። ቀይ ሽንኩርቱን እኔ ጨረስኩት።

ቅዳሜ

ተሾመ ዛሬ የተናገረኝ፦
ወተት አልቋል።
የረድኤት ጫማ በር ላይ ነው።
እሺ።

ረድኤት ግን ከሰዓት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ያ ቃል የቱ ነበር አለችኝ፣ ፕሮፌሰሩ ያስደገመሽ። ነገርኳት። እሷም ሞከረችው። ከኔ ባሰች። ትንሽ ሳቅን። "ማሚ፣ እኔም እዚያ ፊት ለፊታቸው ልቀመጥ ነው እኮ" አለች። ከሰኞ ጀምሮ ስለ ሕንፃ ስታወራ የቆየችው ለካ ፈርታ ነው። ልጄ ስትፈራ አላወቅኩባትም። ምን ብዬ ልምከራት? በሩ ጋ ስትደርሺ አትደበቂ ማለቱ ቀላል ነው። "መልሱ ቢጠፋሽም ግቢ፤ መውደቅ ያልፋል። አለመግባት ነው የማያልፈው" አልኳት። የማውቀው ይኼን ብቻ ነው።

እሑድ፣ ከሰዓት

ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ በር ላይ ቆመን፣ ተሾመ ከቨርጂኒያ አዲስ ከመጡ ባልና ሚስት ጋር ሰላም ተባባለ። "ባለቤቴ ጽጌ" አለና ቆመ። ሌላ ጊዜ እዚህ ላይ አይቆምም። ሴትዮዋ "ረድኤት ጣልያን ልትሄድ ነው አሉ፤ እርስዎም እዚያው ነው የተመረቁት አይደል?" አለችኝ።

"ተምሬያለሁ። አልጨረስኩም" አልኳት።

"እንዴ? ውይ" አለች፤ ከዚያ ልጇ ቀሚሷን እየጎተተ ስለነበር ወደ መኪናቸው ሄዱ። ይኸው ነው። ለዚህች "ውይ" ነው ከሠላሳ ዓመት በላይ የፈራሁት።

መኪናው ውስጥ ተሾመ ሬዲዮ አልከፈተም፤ መክፈት የሚያበዛው ሲከፋው ነው።

ምሳ እንደበላን ስልኩን ይዞ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ለረድኤት የመስከረም ቲኬት እያየ ነው። እኔ ሳህን እያነሣሁ ነበር።

"አንቺ" አለኝ፣ ቀና ሳይል። "አንድ ነው ወይስ ሁለት?"

"ምኑ?"

"ቲኬቱ። ልጅቷ ብቻዋን አገር አታውቅ። ቋንቋው ያለሽ አንቺ ነሽ።"

ረድኤት ከክፍሏ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

"ቆይ" አልኩት።

እሺ ነው እምቢ ነው ብሎ አልጠየቀኝም። ይኼን ስጽፍ እዚያው ሶፋ ላይ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሁለት መንገደኛ በሚለው ላይ ዋጋ ያወዳድራል።